የጃዝ ጊታር ሐረግ በብሉዝ አጨዋወት

የጃዝ ጊታር ሐረግ በብሉዝ አጨዋወት የሚባለው፣ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ከጃዝ የተማረውን የዜማ አነጋገር በብሉዝ ውስጥ የሚጠቀምበት ስልት ነው። ስልቱ የሚያተኩረው ሐረጉ የት እንደሚጀምር፣ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ እና መቼ ዝም እንደሚባል ላይ ነው። ዓላማው ብሉዝን ወደ ጃዝ መቀየር አይደለም። ብሉዝ የራሱን ጩኸትና እንጉርጉሮ እንደያዘ፣ ከሥር የሚቀያየሩትን ኮርዶች የሚሰማና የሚመልስ ዜማ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ለሚማሩ ጊታሪስቶች ልዩ ጥቅም አለው። ብሉዝ የሚመሠረትበት ባለ 5 ድምፅ መስመር ባቲ ማይነር ተብሎ ከሚጠራው ቅኝት ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። በአዳማ፣ በቢሾፍቱ ወይም በሻሸመኔ ጊታር የሚማር ሰው ይህን መስመር ብዙ ጊዜ በጆሮው ለምዶት ይጀምራል። የሚጎድለው በ5ቱ ድምፆች መካከል ያሉትን ሌሎች ድምፆች መቼና እንዴት መንካት እንዳለበት ማወቅ ነው። የጃዝ ሐረግ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮ ጃዝ ውስጥ ተነሥቶ የራሱን መልስ አግኝቷል።

ሐረግ ምንድን ነው?

በሙዚቃ ሐረግ ማለት መነሻና ማረፊያ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ሊዘፈን የሚችል አጭር የዜማ ክፍል ነው። ነጠላ ድምፆች እንደ ፊደል ቢቆጠሩ፣ ሐረግ እንደ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ሁለት ሰዎች ያንኑ 5 ድምፅ ይዘው አንዱ የሚያወራ፣ ሌላው ፊደል የሚቆጥር ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት አራት ነገሮች ናቸው፤ የምት አጣጣል፣ የማረፊያ ድምፅ ምርጫ፣ የድምፁ ጥንካሬና ልስላሴ፣ እንዲሁም ዝምታ።

የብሉዝ ሐረግ መሠረት ጥሪና ምላሽ ነው። በተለመደው የብሉዝ ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ይዘፈናል፤ ያው ስንኝ ይደገማል፤ ሦስተኛው ሐሳቡን ይዘጋል። እያንዳንዱ ስንኝ 4 ባር ሲኖረው ድምፃዊው ግማሽ ያህሉን ይዘፍንበታል፤ የቀረውን ጊታሩ ይመልስበታል። ይህ አደረጃጀት ለኢትዮጵያዊ አድማጭ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ አንድ ስንኝ ካለ በኋላ ማሲንቆው ዜማውን ተቀብሎ ያስተጋባል፤ አዝማሪውም በዚያ ፋታ ቀጣዩን ግጥም ያዘጋጃል። በሁለቱም ባህል መሣሪያው ሁለተኛ ድምፃዊ ነው።

የብሉዝና የጃዝ ጊታር ታሪካዊ ዝምድና

ብሉዝና ጃዝ ሁለቱም በአሜሪካ ጥቁሮች መካከል የተወለዱ ናቸው። ጊታርን በተመለከተ ደግሞ ሁለቱ ሙዚቃዎች የተለያየ ቤት ኖሯቸው አያውቅም። ቲ-ቦን ዎከር (1910–1975 እ.ኤ.አ.) እና ቻርሊ ክርስቲያን (1916–1942 እ.ኤ.አ.) ሁለቱም በቴክሳስ የተወለዱ ሲሆን በወጣትነታቸው ተዋውቀው አብረው ተጫውተዋል። ዎከር የኤሌክትሪክ ጊታርን በብሉዝ ውስጥ የመሪነት ቦታ ካስያዙት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ክርስቲያን በ1939 እ.ኤ.አ. ከቤኒ ጉድማን ባንድ ጋር ተቀላቅለው ጊታርን እንደ ሳክስፎን ረጃጅም ዜማ የሚያወርድ መሣሪያ አደረጉት። በ25 ዓመታቸው ቢሞቱም ከእርሳቸው በኋላ የመጣ የጃዝ ጊታሪስት ሁሉ የእርሳቸውን ሐረጎች አጥንቷል።

ቢ.ቢ. ኪንግ (1925–2015 እ.ኤ.አ.) ከብሉዝ ወገን ትልቁ ምሳሌ ናቸው። ለአጨዋወታቸው መነሻ የሆኗቸውን ሲጠሩ ከዎከር ጋር የጃዝ ተጫዋቾቹን ቻርሊ ክርስቲያንንና ጃንጎ ራይንሃርትን ይጠቅሱ ነበር። ሲዘፍኑ ጊታራቸውን አይጫወቱም፤ ድምፃቸው ሲያቆም ጊታሩ ይቀጥላል። ከጃዝ ወገን ደግሞ ኬኒ በረል፣ ግራንት ግሪን እና ዌስ ሞንትጎመሪ ብሉዝን ሳይለቁ ውስብስብ ኮርዶችን ተጫውተዋል። የሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከርም እንደ «ናውስ ዘ ታይም» (1945 እ.ኤ.አ.) እና «ብሉዝ ፎር አሊስ» (1951 እ.ኤ.አ.) ባሉ ሥራዎቻቸው የ12 ባር ብሉዝን ለጃዝ ሐረግ መፈተኛ ሜዳ አድርገውታል።

ብሉዝና የኢትዮጵያ ቅኝቶች

በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የሚጠሩት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ አላቸው። ሁሉም ከኤ ድምፅ ቢነሡ እንደሚከተለው ይሆናሉ፦

• ትዝታ ሜጀር፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ
• ትዝታ ማይነር፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ
• ባቲ ሜጀር፦ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ
• ባቲ ማይነር፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ
• አምባሰል፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ
• አንቺ ሆዬ፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ

ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት በወሎ ከሚገኙ ቦታዎች ነው። ከዝርዝሩ እንደሚታየው ባቲ ማይነር የብሉዝ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክ ነው። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ሜጀር ፔንታቶኒክ ነው። የብሉዝ ተጫዋቾች ሁለቱን እያፈራረቁ ይጠቀማሉ፤ በማይነሩ ያለቅሳሉ፣ በሜጀሩ ያጽናናሉ።

ይሁን እንጂ ቅኝት የድምፆች ዝርዝር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቅኝት የሚነሣበትና የሚመለስበት ድምፅ፣ የሚወደው አካሄድና ማስዋቢያ አለው። በማሲንቆና በዋሽንት የሚሰሙ ድምፆችም ሁልጊዜ በፒያኖ ቁልፎች ላይ በትክክል አይገኙም። በብሉዝም እንዲሁ ነው። የብሉዝ መለያ የሆነው ሦስተኛ ድምፅ በሲ እና በሲ ሻርፕ መካከል የሚንሳፈፍ ሲሆን ጊታሪስቱ የሚያገኘው ክሩን በጣቱ በጥቂቱ ገፍቶ ነው። ስለዚህ ባቲን የሚያውቅ ሰው ብሉዝን በራስ ሰር ያውቃል ማለት አይቻልም። ጆሮው ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል።

በ12 ባር ውስጥ የሚፈጠረው ችግር

በኤ የሚጫወት የተለመደ ብሉዝ ሦስት ኮርዶች አሉት፦

• ኤ7፦ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ጂ
• ዲ7፦ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ሲ
• ኢ7፦ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ዲ

ከባር 1 እስከ 4 ኤ7፣ በ5 እና በ6 ዲ7፣ በ7 እና በ8 ተመልሶ ኤ7፣ በ9 ኢ7፣ በ10 ዲ7፣ በ11 እና በ12 ኤ7 ይሆናል። በ12ኛው ባር መጨረሻ ኢ7 ገብቶ ዙሩን ወደ መጀመሪያው ሊመልስ ይችላል።

ጀማሪ ተጫዋች በዚህ ሁሉ ላይ ባቲ ማይነርን ብቻ ቢጫወት የሚጎረብጥ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ሆኖም ባቲ ማይነር ውስጥ የኤ7 መለያ የሆነው ሲ ሻርፕ የለም። የዲ7 መለያ የሆነው ኤፍ ሻርፕ የለም። የኢ7 መለያ የሆነው ጂ ሻርፕም የለም። ስለዚህ ባሲስቱና ፒያኒስቱ ቤት ሲቀይሩ ጊታሪስቱ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከጥቂት ዙር በኋላ አድማጩ ሶሎው አንድ ቦታ የሚሽከረከር ይመስለዋል። ብዙ ተማሪዎች ይህን የሚፈቱት በፍጥነት በመጫወት ነው፤ ፍጥነቱ ግን ያንኑ መሽከርከር ያፋጥነዋል እንጂ አያስቆመውም።

ከጃዝ የሚወሰዱ ስልቶች

መሪ ድምፆች

በጃዝ ትምህርት የኮርዱ ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፆች መሪ ድምፆች ይባላሉ፤ የኮርዱን ማንነት የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና። የኤ7 መሪ ድምፆች ሲ ሻርፕ እና ጂ፣ የዲ7 ኤፍ ሻርፕ እና ሲ፣ የኢ7 ጂ ሻርፕ እና ዲ ናቸው። ኮርዱ ሲቀየር እነዚህ ድምፆች የሚንቀሳቀሱት በጣም አጭር ርቀት ነው።

በጊታር ላይ ይህን በ5ኛው ፍሬት አካባቢ ማየት ይቻላል። ቀጭኑ ክር 1ኛ ተብሎ ሲቆጠር፣ በ3ኛው ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ያለው ሲ ሻርፕ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ሲመለስ የዲ7 ሲ ይሆናል። በ2ኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ አንድ ፍሬት ሲመለስ ኤፍ ሻርፕ ይሆናል። ከኤ7 ወደ ኢ7 ሲኬድ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። በ3ኛው ክር ሲ ሻርፕ ከ6ኛ ወደ 7ኛ ፍሬት ወጥቶ ዲ ይሆናል፤ በ4ኛው ክር ጂ ከ5ኛ ወደ 6ኛ ፍሬት ወጥቶ ጂ ሻርፕ ይሆናል። በእነዚህ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ብቻ፣ ያለ ፒያኖና ያለ ባስ፣ ብሉዙ የት እንደደረሰ ለአድማጭ መናገር ይቻላል።

ዙሪያውን መክበብ

የጃዝ ተጫዋች ወደ ማረፊያው ድምፅ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች ይከበዋል። ማረፊያው ሲ ሻርፕ ከሆነ መጀመሪያ ዲ፣ ቀጥሎ ሲ፣ ከዚያ ሲ ሻርፕ ይጫወታል። በ3ኛው ክር ላይ ይህ 7ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ ፍሬት ነው። ቁም ነገሩ የመጨረሻው ድምፅ በጠንካራ ምት፣ ለምሳሌ በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ማረፉ ነው። ያን ጊዜ ከኮርዱ ውጭ የሆኑት ድምፆች እንደ ስህተት ሳይሆን እንደ መንደርደሪያ ይሰማሉ። ማረፊያው ከምቱ ካለፈ ግን እነዚያው ድምፆች የተሳሳቱ ይመስላሉ።

በ4ኛው ባር የሚፈጠር ውጥረት

4ኛው ባር ወደ ዲ7 የሚያሻግር ድልድይ ነው። የጃዝ ተጫዋቾች እዚህ ቦታ ላይ በኤ7 ላይ ቢ ፍላትንና ኤፍን በመጨመር ውጥረት ይፈጥራሉ። ቀጥሎ ቢ ፍላት ወደ ኤ ይወርዳል፤ ኤፍ ደግሞ ወደ ኤፍ ሻርፕ ይወጣል፤ ሁለቱም የዲ7 ድምፆች ናቸው። በጊታር ላይ ቢ ፍላት በ1ኛው ክር፣ ኤፍ በ2ኛው ክር ሲሆኑ ሁለቱም በ6ኛ ፍሬት ላይ ይገኛሉ። አንዱ ወደ 5ኛ፣ ሌላው ወደ 7ኛ ፍሬት ይሄዳል።

ከላይ ያለውን የቅኝት ዝርዝር ላስተዋለ ሰው ቢ ፍላትና ኤፍ የአምባሰል ድምፆች መሆናቸው ግልጽ ነው። በአምባሰል ውስጥ እነዚህ ድምፆች የቤተሰቡ አባላት ናቸው፤ መውጫ አይፈልጉም። በብሉዙ 4ኛ ባር ግን ያው ድምፅ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ መንገደኛ ነው። አንድ ድምፅ እንደ ቦታው የሚለውጠውን ትርጉም ለመረዳት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ምትና ስዊንግ

የጃዝ ሐረግ ከድምፅ ምርጫ ይልቅ በምት አጣጣሉ ይታወቃል። ስዊንግ በሚባለው አጨዋወት አንድ ምት ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ይላል። በመካከለኛ ፍጥነት ሲጫወቱት ምቱ ለሦስት ተከፍሎ ሁለቱ ሲሶ ለመጀመሪያው ድምፅ፣ አንዱ ሲሶ ለሁለተኛው የተሰጠ ያህል ይሰማል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱ ወደ እኩልነት ይቀራረባሉ። በዝግታ የሚጫወት ብሉዝም እያንዳንዱ ምት ለሦስት በሚከፈልበት በ12/8 ሊቆጠር ይችላል።

በችክችካ ያደገ ጆሮ ይህን በቶሎ ይይዛል። ችክችካ በ6/8 የሚቆጠር ሲሆን ሁለትና ሦስት ምት በአንድ ላይ የሚሰሙበት ነው። የማይልስ ዴቪስ «ኦል ብሉዝ» (1959 እ.ኤ.አ.) በ6/8 የሚጫወት ባለ 12 ባር ብሉዝ ስለሆነ ከችክችካ ወደ ጃዝ ብሉዝ ለመሻገር የሚመች መንገድ ነው።

ሌላው የጃዝ ልማድ ሐረግን ከባሩ መጀመሪያ አለመጀመር ነው። ሐረጉ ከምቱ በኋላ ወይም ከባሩ ቀድሞ ይነሣል፤ የባሩንም ድንበር አልፎ ያበቃል። ሁልጊዜ በ1ኛው ምት የሚጀምር ሶሎ ሁልጊዜ «እና» ብሎ እንደሚጀምር ተናጋሪ ያሰለቻል።

ሐሳብን ማሳደግና ዝምታ

ጥሩ የጃዝ ሶሎ በየባሩ አዲስ ነገር አያመጣም። 3 ወይም 4 ድምፅ ያላት ትንሽ ሐሳብ ይዞ ይነሣና ይደግማታል፤ መጨረሻዋን ይለውጣል፤ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይሞክራታል፤ ምቷን ያዛንፋል። የብሉዝ ግጥምም ያው ነው፤ ተናገር፣ ድገም፣ ዝጋ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 4 ባሮች የተጫወቱትን ሐረግ በሁለተኛዎቹ 4 ባሮች አንዲት ድምፅ ብቻ ለውጦ መድገም፣ ለምሳሌ ሲ ሻርፕ የነበረውን በዲ7 ላይ ሲ ማድረግ፣ ብሉዝነቱንም ጃዝነቱንም በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።

የሳክስፎን ተጫዋች መተንፈስ አለበት፤ ጊታሪስት ግን ሳይተነፍስ መጫወት ስለሚችል ዝም ማለት ይከብደዋል። ብዙ መምህራን ተማሪው እየተጫወተ ዜማውን በአፉ እንዲያዜም የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ትንፋሽ ሲያልቅ ሐረጉም ያልቃል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ባለ 5 ድምፅ ዜማንና የጃዝ ኮርድን በማገናኘት ቀዳሚው ስም ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። በ1943 እ.ኤ.አ. በጅማ ተወልደው በብሪታንያ ከተማሩ በኋላ በቦስተን በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ። በ1966 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች አሳተሙ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ወጣ። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 እ.ኤ.አ. ከባንዳቸው ጋር አዲስ አበባን ሲጎበኙ ከእርሳቸው ጋር የሠሩትም ሙላቱ ነበሩ።

የኢትዮ ጃዝ ችግር የብሉዝ ጊታሪስቱ ችግር ግልባጭ ነው። የብሉዝ ተጫዋቹ 5 ድምፅ ይዞ ኮርዶቹን መከተል አቅቶታል። የኢትዮ ጃዝ አቀናባሪ ደግሞ 12ቱንም ድምፅ የሚጠቀም ኮርድ ይዞ የ5ቱን ድምፅ ጠረን እንዳያጠፋ ይጨነቃል። ለምሳሌ በትዝታ ሜጀር ላይ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ፣ ማለትም ዲ እና ጂ ሻርፕ፣ በዜማው ውስጥ ከበዙ ትዝታነቱ ይጠፋና ተራ ሜጀር ስኬል ይሆናል። በኢትዮ ጃዝ ሥራዎች የሚታወቀው አንዱ መፍትሔ ዋናውን ዜማ በቅኝቱ መጠበቅ፣ ተጨማሪ ድምፆችን ደግሞ ለአጃቢዎቹ ኮርድ፣ ለመሸጋገሪያና ለሶሎ መተው ነው። ይህ ለብሉዝ ተጫዋችም ይሠራል። መነሻና መዝጊያ ሐረጎች በቀላል የብሉዝ ቋንቋ ሲነገሩ፣ በመካከል ያሉት የጃዝ ድምፆች ቦታቸውን ያገኛሉ።

በኤሌክትሪክ ጊታር ረገድ በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወቱት ሰላም ሥዩም በስፋት ይታወቃሉ። አይቤክስ ማሕሙድ አሕመድን በ«እሬ መላ መላ» (1975 እ.ኤ.አ.) ያጀበ ባንድ ነው። በዚያ ዘመን ቅጂዎች ጊታር ሁለት ሥራ ሲሠራ ይሰማል፤ በአንድ በኩል ምቱን የሚይዝ ተደጋጋሚ ሐረግ ይጫወታል፣ በሌላ በኩል በድምፃዊው ስንኞች መካከል ገብቶ ይመልሳል። ሁለተኛው ሥራ የብሉዝ ጊታሪስት ሥራ ነው።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ በሚወስደው መንገድና የባቡር መስመር ላይ ትገኛለች። በከተማዋ ታሪክ ከዘመናዊ የኦሮምኛ ሙዚቃ ጋር የሚያያዝ ትልቅ ስም አለ። በድሬዳዋ የተወለዱትና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ የጀመሩት ድምፃዊና የዑድ ተጫዋች አሊ ቢራ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ያረፉት በአዳማ ነው።

የአሊ ቢራ ዘፈኖች ለጊታር ተማሪ የሐረግ ትምህርት ይሰጣሉ። ዑድ ፍሬት የሌለው መሣሪያ ስለሆነ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት ይፈቅዳል። ይህን በጊታር ለማምጣት ክር መግፋት፣ ጣት ማንሸራተትና አንድ ጊዜ በተመታ ክር ላይ ሁለት ሦስት ድምፅ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሦስቱም የብሉዝ ጊታር ዋና መሣሪያዎች ናቸው። የድምፃዊን ዜማ ከነትንፋሹ፣ ከነመዘግየቱ በጊታር ለመድገም የሚሞክር ተማሪ ከየትኛውም የስኬል መልመጃ ይበልጥ ስለ ሐረግ ይማራል።

ወደ ደቡብ በዝዋይ (ባቱ) በኩል ሲወረድ የምትገኘው ሻሸመኔ ሌላ ጆሮ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. ከሰጡት መሬት ጋር ተያይዞ የሰፈሩት ራስተፈሪያን ከከተማዋ ስም ጋር ሬጌን አስተሳስረዋል። የሬጌ ጊታር ከዋናው ምት ይልቅ በምቶች መካከል ይመታል። የሬጌ ቀዳሚ የሆነው ስካ የተወለደው የጃማይካ ሙዚቀኞች የአሜሪካን ሪዝም ኤንድ ብሉዝና ጃዝ ከራሳቸው ሙዚቃ ጋር ሲያዋህዱ ነው። ስለዚህ ሬጌ ማጀብ የለመደ ጊታሪስት ሐረግን ከምት ውጭ ለመጀመር አይቸገርም፤ ቀኝ እጁ ቦታውን ያውቀዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መደበኛ ሥልጠና ይሰጣል። ከዋና ከተማዋ ውጭ ግን ብዙ ጊታሪስቶች የሚማሩት ከጓደኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ከሆቴል ባንድና ከስልክ ላይ በማዳመጥ ነው። ይህ ለጃዝ ሐረግ እንቅፋት ብቻ አይደለም። ቻርሊ ፓርከርና ዌስ ሞንትጎመሪም በአብዛኛው የተማሩት ቅጂ ደጋግመው በመስማትና ያንኑ በመሣሪያቸው በማውጣት ነው። ሞንትጎመሪ የጀመሩት የቻርሊ ክርስቲያንን ሶሎዎች በጆሮ በመያዝ ነበር።

የልምምድ ቅደም ተከተል

የሚከተለው ቅደም ተከተል በአንድ ጊታርና ድምፅ መቅዳት በሚችል ስልክ ሊሠራ ይችላል።

1. ኮርዶቹን በዝግታ፣ በደቂቃ 60 ምት ያህል፣ ለጥቂት ዙር ቀድቶ ማስቀመጥ።
2. በቀረጻው ላይ በየባሩ አንድ ድምፅ ብቻ መጫወት፤ ድምፁም የኮርዱ ሦስተኛ ይሁን። በኤ7 ሲ ሻርፕ፣ በዲ7 ኤፍ ሻርፕ፣ በኢ7 ጂ ሻርፕ።
3. ያንኑ በሰባተኛው ድምፅ መድገም፤ በኤ7 ጂ፣ በዲ7 ሲ፣ በኢ7 ዲ።
4. በባቲ ማይነር የለመዱትን ሐረግ ወስዶ የመጨረሻውን ድምፅ ብቻ ወደ መሪ ድምፅ መለወጥ።
5. መሪ ድምፁን ከላይና ከታች መክበብ፤ ማረፊያው በ1ኛው ምት ላይ መዋሉን ማረጋገጥ።
6. ሁለት ባር ተጫውቶ ሁለት ባር ዝም ማለት። በዝምታው ጊዜ ኮርዱን በልብ መከተል።
7. የአንድ ድምፃዊ ወይም የአንድ ሳክስፎን ተጫዋች 4 ባር ሐረግ በጆሮ መያዝ። መጀመሪያ በአፍ ማዜም፣ ከዚያ በጊታር ማውጣት፣ በመጨረሻም ወደ ሌሎች ኮርዶች ማዛወር።
8. ራስን ቀድቶ በማግሥቱ መስማት። ሲጫወቱ የማይሰማ ጥድፊያ በማግሥቱ ይሰማል።

2ኛውና 3ኛው ደረጃ አሰልቺ ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። ሆኖም የቀሩት ሁሉ የሚቆሙት በእነርሱ ላይ ነው።

ለማዳመጥ የሚጠቅሙ ቅጂዎች

የኬኒ በረል «ሚድናይት ብሉ» (1963 እ.ኤ.አ.) በጥቂት ድምፅና በብዙ ፋታ የሚነገር የጃዝ ብሉዝ ነው፤ ለጀማሪም ለመከተል አያስቸግርም። የዌስ ሞንትጎመሪ «ዲ ኢንክረዲብል ጃዝ ጊታር» (1960 እ.ኤ.አ.) አንድ ሶሎ በነጠላ ድምፅ ጀምሮ፣ በኦክታቭ ቀጥሎ፣ በኮርድ እንዴት እንደሚያድግ ያሳያል። የቢ.ቢ. ኪንግ «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» (1965 እ.ኤ.አ.) በድምፅና በጊታር መካከል ያለውን ጥሪና ምላሽ በተመልካች ፊት ያሰማል። በእነዚህ ጎን የሙላቱ አስታጥቄን የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራዎች መስማት፣ ቅኝት በጃዝ ኮርድ ውስጥ ጠረኑን ሳይለቅ እንዴት እንደሚቆም ለማነጻጸር ይረዳል።

የተለመዱ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም የተማሩትን በአንድ ዙር መጨመር ነው። በየባሩ የተከበበ ድምፅ፣ በየምቱ የተጨመረ ክሮማቲክ ድምፅ ካለ ብሉዙ ይጠፋል። ሁለተኛው ክር መግፋትን መተው ነው። በጃዝ ጊታር ወፍራም ክር ስለሚለመድና ክር መግፋት ስለማይዘወተር፣ ከጃዝ የተማረ ሰው ያንን የሚያቃስት ሦስተኛ ድምፅ ረስቶ ንጹሕ ሲ ሻርፕ ብቻ ሊጫወት ይችላል። የብሉዝ ጥሩ ተጫዋች በኤ7 ላይ ሲን ገፍቶ ወደ ሲ ሻርፕ ያስጠጋዋል፤ በዲ7 ላይ ግን ሲን እንዳለ ይተወዋል። ሁለቱን ለይቶ መጫወት የጃዝ እውቀትና የብሉዝ ስሜት በአንድ ጣት ላይ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ስህተት የተሸመደደ ሐረግን ቦታው ባልሆነ ባር ማስገባት ነው። ሐረጉ በራሱ ቆንጆ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ኮርድ ሌላ ከሆነ፣ ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ እንደ መመለስ ይሆናል። አዝማሪ የሚመሰገነው በተጠየቀው ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ሰው የሚስማማ ግጥም ሲያወርድ እንደሆነ ሁሉ፣ የጊታር ሐረግም የሚመዘነው አሁን ለተሰማው ኮርድ በሚሰጠው መልስ ነው።